ጓያ እግሩን የያዘው ዘመድ ካላችሁ፦ በቤት የሚሠራ ፊዚዮቴራፒ

ይህን የምጽፈው ቤታቸው ውስጥ ጓያ እግሩን የያዘው ሰው ላላቸው ነው። ለሚስት፣ ለልጅ፣ ለወንድም። ቤት ለቤት ለምትዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ይጠቅማችኋል። እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ የተማርኩት ጎንደር ነው። የአባቴ ታላቅ ወንድም ደግሞ በ1980ዎቹ መጨረሻ ደላንታ ላይ በሽታው ሲነሳ እግራቸው ከተያዘባቸው ከ2,000 በላይ ሰዎች አንዱ ናቸው። ያኔ ሌላው ሰብል ሲከዳ ድርቁን ችሎ የቆመው ጓያ ነበር። ሰዉም እሱን በላ። አጎቴ ዛሬ በሁለት ምርኩዝ ይሄዳሉ። አሁንም ግን በእግራቸው ነው የሚሄዱት፤ እዚህ የምነግራችሁን ነገር ሁሉ እሳቸው ላይ አይቼዋለሁ።

በሽታው በሕክምና ስሙ ኒውሮላቲሪዝም ይባላል። በዓለም ላይ ብዙ ሐኪም አንድም ታማሚ ሳያይ ጡረታ ይወጣል። ደምቢያ፣ ፎገራና ወሎ ግን ያውቁታል። ጓያ ውስጥ ኦዳፕ የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ሰው ለሳምንታትና ለወራት ዋና ምግቡ ጓያ ሲሆን፣ ኦዳፕ ከአንጎል ተነስቶ በአከርካሪ በኩል እግርን የሚያዝዘውን የነርቭ መስመር ይጎዳል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በድንገት ነው። ሰውየው ሲያርስ ውሎ ይተኛል፤ ጠዋት ሲነሳ እግሩ ከብዶት፣ ባቱ ተኮማትሮ፣ ጉልበቱ እየተንቀጠቀጠ ያገኘዋል። እጁ ደህና ነው። አእምሮው ደህና ነው። ቆዳው ላይ ሲነኩት ይሰማዋል።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው እንተማመን። ጉዳቱ ሥር ከሰደደ በኋላ የሚያድነው መድኃኒት የለም። ነገር ግን ጓያ መብላቱ ከቆመ የነርቩ ጉዳት እየገፋ አይሄድም። ታዲያ ሰው ለምን ከአንድ ምርኩዝ ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ መዳህ ይወርዳል? እኔ ደጋግሜ ያየሁት ምክንያት ጡንቻና ጅማት ማጠራቸው ነው። እግር ሁልጊዜ እንደተገተረ ሲውልና ሲያድር ባት ያጥራል፣ ተረከዝ ከመሬት ይነሳል፣ ጭኖች ይጣበቃሉ። ይሄኛው ጉዳት ከነርቩ ጉዳት የተለየ ነው። ይሄኛውን እናንተ ቤት ውስጥ ልታስቆሙት ትችላላችሁ። «አይድንም» ተብሎ የተተወ ሰው ሳይ የሚያንገበግበኝ ለዚህ ነው።

ከእንቅስቃሴው በፊት

ጓያው ይቁም። እግሩ የተያዘ ሰው ከእንግዲህ በሽሮም በቂጣም መልኩ ጓያ ባይቀምስ ይሻላል። የጾም ሽሮ ከገበያ ስትገዙ ከምን እንደተፈጨ ጠይቁ። ሌላው ቤተሰብም ቢሆን ጓያን ብቻውን ዋና ምግብ አያድርገው። ከጤፍ፣ ከገብስ ወይም ከማሽላ ጋር መቀላቀል ጉዳቱን ይቀንሳል። ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋትም መርዙን ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም። በአገራችን በተደረገ ጥናት እንደ ቆሎ የተቆላው፣ በንፍሮ የተቀቀለውና እሸቱ ይበልጥ አደገኛ ሆነው ተገኝተዋል። የጓያ እንፋሎት ወይም ማሳው ውስጥ ማለፍ ሽባ ያደርጋል የሚለውን ግን እርሱት። ብዙ እናቶች እንፋሎቱን እየሸሹ እህሉን ለልጆቻቸው ይሰጣሉ።

ሁለተኛ፣ በሽታው በእርግጥ ጓያ መሆኑ በሐኪም ይታይ። የጀርባ አጥንት ቲቢም እግር ይገትራል፤ እሱ ግን መድኃኒት አለው። ጀርባው ላይ ሕመም ወይም ጉብታ ካለ፣ እግሩ ከደነዘዘ፣ ሽንቱን መቆጣጠር ካቃተው፣ እጁም መድከም ከጀመረ፣ ወይም ጓያ ካቆመ በኋላ ድክመቱ ከወር ወር እየጨመረ ከሄደ ሆስፒታል ውሰዱት። ቤት ውስጥ እያሳሳባችሁ አትቆዩ።

ማሳሳብ

የሥራው ልብ ይሄ ነው። ሌላው ሁሉ ቢቀር ይሄ አይቅር።

ደጋ ላይ ጠዋት ብርድ ነው፤ ብርድ ደግሞ እግሩን ይገትረዋል። ስለዚህ ፀሐይ ሞቅ ስትል ወይም ማታ እሳት ዳር ሥሩ። በሙቅ ውሃ የተነከረ ፎጣ ባቱና ጭኑ ላይ አሥር ደቂቃ ያህል ብታስቀምጡ ይላላል። ሙቀቱን መጀመሪያ በራሳችሁ ክንድ ሞክሩት።

ያጠረ ጡንቻ እንደ ደረቀ ጠፍር ነው፤ በኃይል ቢጎትቱት ይሰነጠቃል፣ አርሰውና ታግሰው ቢስቡት ይረዝማል። የጓያ እግር ላይ ደግሞ ሌላም ነገር አለ። በፍጥነት ከሳባችሁት ጡንቻው መልሶ ይኮማተርባችኋል። ስለዚህ ቀስ በሉ፤ እናንተ ከምታስቡትም በላይ ቀስ በሉ።

በባት እንጀምር። ሰውየው በጀርባው ይተኛ፣ ጉልበቱ ይዘርጋ። ተረከዙን በመዳፋችሁ ሙሉ ያዙት። የውስጥ እግሩ በክንዳችሁ ላይ ይረፍ። አሁን በጉልበት አትግፉ፤ ሰውነታችሁን ወደ እሱ ጭንቅላት አቅጣጫ ዘንበል ስታደርጉ ክንዳችሁ ራሱ እግሩን ያጥፈዋል። ተረከዙ ወደ ታች ይሳባል፣ ጣቶቹ ወደ ላይ ይመጣሉ። ወጠር ሲል ቁሙ። ሠላሳ ሰከንድ፣ ከቻለ አንድ ደቂቃ ያዙት። እዚያው እንዳላችሁ ላላ ሲል ይሰማችኋል፤ ያኔ ትንሽ ጨምሩ። ቀስ ብላችሁ መልሱት። በእያንዳንዱ እግር ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ይደገም። ከዚያ ጉልበቱን ትንሽ አጥፋችሁ በድጋሚ ሥሩት፤ ጉልበት ሲዘረጋም ሲታጠፍም የሚሳቡት ጡንቻዎች የተለያዩ ናቸው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያጠፋው ጣቶቹን ብቻ ይዞ መግፋቱ ነው። እንዲህ ሲሆን ተረከዙ ሳይንቀሳቀስ የእግሩ መሐል ይታጠፋል፤ ባቱ አይሳብም፣ የእግሩ ቅርጽ ግን ይበላሻል። ተረከዙን ያልያዘ እጅ ባት አላሳሳበም። እግሩ ወደ ውስጥ ጠምዘዝ ካለ ደግሞ መጀመሪያ ቀጥ አድርጋችሁ ነው መግፋት ያለባችሁ።

ቀጥሎ ጭኖቹ። ጓያ የያዘው ሰው ሲራመድ ጉልበቱ ከጉልበቱ የሚፋተገው፣ እግሮቹ እንደ መቀስ የሚተላለፉት የብሽሽት ጡንቻዎች ስለሚስቡ ነው። በጀርባው ተኝቶ ሁለቱን ጉልበቶች ይጠፍ፣ እግሮቹ መሬት ይርገጡ። ጉልበቶቹ በራሳቸው ክብደት ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይከፈቱ። እናንተ እጃችሁን ከጉልበት ከፍ አድርጋችሁ ጭኑ ላይ አሳርፋችሁ ጠብቁ። ማታ ሲተኛ የተጠቀለለ ጋቢ ጉልበቶቹ መካከል ይደረግ። ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራ ነገር ስለሆነ እኔ በጣም ነው የምወደው። አጎቴ ገበያ የሚሄዱት በበቅሎ ነው። እግር ከፍቶ መቀመጥ ጭንን ያላላል፤ ከበቅሎ ሲወርዱ አረማመዳቸው ላላ ብሎ ይታያል። ገራም በቅሎና የሚያወጣ የሚያወርድ ሰው ካለ እሰየው።

ለቋንጃ መቀነት ይበቃል። ሰውየው ተኝቶ መቀነቱን በውስጥ እግሩ ያዙርና ሁለቱን ጫፍ ራሱ ይያዝ። ጉልበቱን ዘርግቶ እግሩን ወደ ላይ ይሳብ። ይሄን ያለ ረዳት መሥራት ስለሚችል አስተምሩትና ተዉለት። ዳሌው ፊት ለፊት እንዳያጥር ደግሞ በቀን አንድ ጊዜ ለግማሽ ሰዓት ያህል በሆዱ ይተኛ። ሬዲዮ እየሰማም ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ዱካ ላይ ለሚቀመጥ ሰው ይሄ ግዴታ ነው።

ሲሳብ መወጠር አለበት፤ ስለታም ሕመም ግን መኖር የለበትም። የተገተረ እግር በአንድ ቀን ጉተታ እንዲቃና ለወጌሻ አትስጡ። ለወለምታ ጎበዝ የሆነ ወጌሻ ይኖራል፤ ይሄ ግን ወለምታ አይደለም። በጉተታ ጡንቻ ተቀዶ ቁርጭምጭሚታቸው አብጦ የመጡ ሰዎች አይቻለሁ።

እግሩ በራሱ መንቀጥቀጥ ሲጀምር አትደንግጡ። ተቀምጦ ከሆነ መዳፉን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወደ ታች ይደገፍና ተረከዙን መሬት ያስነካው። ይቆማል።

ማጠንከር

አንዳንዱ ሰው «እንቅስቃሴ ጡንቻውን የባሰ ይገትረዋል» ብሎ ይፈራል። አይገትረውም። ከመደብ ላይ ተነስቶ መቀመጥ ከሁሉ የሚበልጥ ሥራ ነው፤ እግሮቹን ከፈት አድርጎ፣ ተረከዙን አስነክቶ፣ ቀስ ብሎ ይነሳ፣ ከሁሉ በላይ ቀስ ብሎ ይቀመጥ። ከከበደው መደቡን በተጣጠፈ ብርድ ልብስ ከፍ አድርጉለት። ሌላው፣ በጀርባው ተኝቶ ጉልበቱን አጥፎ መቀመጫውን ማንሳት ነው። ጎኑን ተኝቶ የላይኛውን እግር ወደ ላይ ማንሳትም መቀሱን የሚከፍቱትን ጡንቻዎች ያበረታል። ሲደክመው ይረፍ። ድካም የበዛበት እግር ይበልጥ ይገተራል፣ ሰውየውም ይወድቃል።

ሁለቱ አግዳሚዎች

ከተማ ያለ ክሊኒክ ውስጥ የብረት መደገፊያ አለ። እናንተ ግቢ ውስጥ ባህር ዛፍ አለ። አራት ወይም ስድስት ቋሚ ትከሉ፤ ሁለት ረጅም አግዳሚ እንጨት በግራና በቀኝ እሰሩ። ከፍታው ሰውየው ቆሞ እጁን ሲያንጠለጥል የእጁ አንጓ ጋ ይድረስ። ስፋቱ ከዳሌው በሁለቱም በኩል የአንድ መዳፍ ያህል ይትረፍ። በጣም ከሰፋ ክንዱ ይደክማል። ርዝመቱ አራት አምስት እርምጃ ካስኬደ በቂ ነው። እንጨቱን ልጡ፣ ጉጡን አለስልሱ፣ መሬቱን ደልድሉ።

እዚያ ውስጥ መጀመሪያ መቆም ብቻ ነው። ተረከዝ መሬት፣ እግር ከፈት፣ ደረት ቀና። ከዚያ ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ያዛውር። ከዚያ እርምጃ። መሬቱ ላይ በአመድ መሐል ለመሐል መስመር አስምሩ፤ ቀኝ እግር ከመስመሩ በስተቀኝ፣ ግራው በስተግራ ብቻ ይርገጥ። እግሮቹ መስመሩን ሲያቋርጡ ራሱ ያየዋል፤ እናንተ «ክፈት ክፈት» እያላችሁ መጮህ አያስፈልጋችሁም። ወደ ጎን መራመድም በጣም ጥሩ ነው። አጎቴ ግቢ ያሉትን አግዳሚዎች የተከለው ትልቁ ልጃቸው ነው፤ የሰፈር ልጆች ሲጫወቱባቸው ይውላሉ፣ እሳቸውም አብረዋቸው ይሠራሉ።

ምርኩዝ

አገራችን ሰው ረጅም ዱላ ይወዳል። ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይደገፈዋል። ለደህና ሰው ማረፊያ ነው። ለጓያ እግር ግን ሰውየውን ወደ ፊት ያጎነብሰዋል፤ ሲያጎነብስ ክብደቱ ጣቶቹ ላይ ይወድቃል፣ ተረከዙ ይነሳል፣ እግሩም ይገተራል። ለደልዳላ መሬት ከእጅ አንጓው የማይበልጥ፣ መያዣ ያለው ምርኩዝ ይሻላል። ጫማ አድርጎ ሲለካ ክርኑ በትንሹ መታጠፍ አለበት። ቁልቁለት ላይ ግን ረጅሙን ዱላ አልከለክልም፤ ወደ ታች ቀድሞ መሬት የሚነካ ነገር ያስፈልጋልና። ሁለቱም ቤት ውስጥ ይኑሩ።

አንድ ምርኩዝ ከሆነ ከደካማው እግር በተቃራኒ ባለው እጅ ይያዝ። ሁለት ከሆነ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ ቀኝ ምርኩዝ፣ ግራ እግር፣ ግራ ምርኩዝ፣ ቀኝ እግር። መጀመሪያ ላይ ጮክ ብላችሁ ቁጠሩለት። ደረጃ ወይም እርከን ሲወጣ የሚሻለው እግር ይቅደም፤ ሲወርድ ደካማው ከምርኩዙ ጋር ይቅደም። የምርኩዙ ጫፍ ላይ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ በሚስማር ምቱበት፤ የሚስማሩ ራስ ጎማው ውስጥ ይስመጥ። ክረምት ላይ ጭቃው ሲያንሸራትት የዚህን ዋጋ ታውቁታላችሁ።

ጫማውን ገልብጣችሁ እዩት። ፊቱ ብቻ የሚያልቅ ከሆነ ተረከዙ መሬት እየነካ አይደለም። እግሩ በእጅ ሲሳብ የሚመለስ ከሆነ ባቱ ላይ በርቱ። ዓመታት አልፈው ጨርሶ የማይመለስ ከሆነ ግን ከበረባሶው ተረከዝ ሥር ሌላ የጎማ ንጣፍ አስደርቡለት። ተረከዙ የሚያርፍበት ነገር ሲያገኝ ሚዛኑ ይሻሻላል።

ቤተ ክርስቲያን ለረጅም ሰዓት መቆም ለሚፈልጉ፦ ግድግዳ አጠገብ፣ ተረከዝ መሬት፣ መቋሚያ በብብት ሥር። ሲደክም መቀመጥ ነውር የለውም። መስጊድ ለሚሰግድም ተቀምጦ መስገድ ይፈቀድለታል፤ ሲነሳ ሲጎነበስ እንዳይወድቅ።

መራመድ ለቀረባቸው

የሚድሁ ሰዎችን ከነጭራሹ መተው በጣም ያሳዝነኛል። ማሳሳቡ ለእነሱ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ጉልበትና ዳሌ ታጥፎ ከቀረ መቀመጥም መታጠብም ችግር ይሆናል። በሆድ መተኛቱን አታስቀሩ። ለጉልበት ከመኪና የውስጥ ጎማ መከላከያ ስፉ፤ በውስጡ ወፍራም ጨርቅ ይነጠፍ። ጉልበቱንና መቀመጫውን በየማታው በብርሃን እዩ፤ የቀላ ቦታ ካለ እዚያ ላይ ክብደት አይረፍ። ሽንት ቤት ቁጢጥ ማለት ስለማይችል መሐሉ የተበሳ የእንጨት ወንበር ጉድጓዱ ላይ አስቀምጡለት። ይህችን ወንበር ያገኙ ሰዎች ስለ ማንኛውም እንቅስቃሴ ካመሰገኑኝ በላይ ስለ እሷ አመስግነውኛል።

ድንገት ሲገተር

ደህና ሰንብቶ የነበረ እግር ድንገት ቢጠነክር ምክንያት ፈልጉ። ሽንት ይዞት ይሆናል፣ ሆዱ ደርቆ ይሆናል፣ እግሩ ሥር ቁስል ወይም እሾህ ይኖራል፣ ትኩሳት ጀምሮታል፣ ወይም በርዶታል። ምክንያቱ ሲወገድ እግሩ ይመለሳል። ሐኪም ባክሎፌን የሚባለውን ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት ያዘዘለት ሰው ካለ በአንድ ጊዜ እንዳያቋርጥ ተጠንቀቁ፤ በድንገት ማቆም ከባድ መኮማተርና የሚጥል በሽታ የመሰለ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። መድኃኒቱ ከማለቁ በፊት ጤና ጣቢያ ጠይቁ። ከበዛ ደግሞ እግሩ ከልክ በላይ ላልቶ መቆም ሊያቅተው ይችላል፤ ግትርነቱ ለአንዳንዱ ሰው የሚቆምበት ጉልበቱም ነውና። እንዲህ ካያችሁ መጠኑን ለሐኪሙ ንገሩት፣ በራሳችሁ አትቀንሱ።

ሥራ

ጓያ የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ ወጣት ወንድን ነው፤ ማረስ የሚችልበት ዕድሜ ላይ። ስለዚህ «ምን ልሥራ» የሚለው ጥያቄ ከእግሩ ጥያቄ አይለይም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቫፕንያርካ በተባለ የእስረኞች ካምፕ አይሁዶች ጓያ እየተመገቡ እግራቸው ተይዞ ነበር። በሽታውን የለየው አብሯቸው የታሰረው ሐኪም አርተር ኬስለር ነው። ከተረፉት ብዙዎቹ እስራኤል ገቡ፤ እሱም እዚያ ለአሥርተ ዓመታት ተከታተላቸው። ከተገተረ እግራቸው ጋር ረጅም ዕድሜ ኖሩ። የእኛም ሰዎች ፊታቸው ረጅም ዕድሜ አለ፤ በዚያ ዕድሜ ውስጥ ገቢም ሚናም ያስፈልጋቸዋል።

እጁ ሙሉ ነው። ሽመና፣ ልብስ ስፌት፣ ንብ ማነብ፣ ችግኝ ማፍላት፣ ሱቅ መጠበቅ፣ ከብት ማለብ ይችላል። የሽመና ጉድጓድ ውስጥ እግር የሚረግጠው እንጨት ግን ለተገተረ እግር ያስቸግራል፤ መጀመሪያ ይሞክረው። ተቀምጦ በሚሠራበት ጊዜ ተረከዙ መሬት ይንካ፣ ጉልበቶቹ መካከል የተጠቀለለ ጨርቅ ይኑር፣ በየሰዓቱ ተነስቶ ይቁም። አጎቴ ችግኝ ያፈላሉ። መደቡን ከፍ አድርገን ሠራንላቸው፤ ቆመው ሆዳቸውን ጠርዙ ላይ ደግፈው፣ ሁለት እጃቸው ነፃ ሆኖ ይሠራሉ። የመደቡ ከፍታ ከእምብርት ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ልትሠሩ ከፈለጋችሁ በዚያው ለኩ።